«ወተት እጠጣለሁ» የሚል ባል፣ አፈር የምትበላ ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ገላን አካባቢ ነው፤ 27 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ሠሪ ነው። የሚሠራው እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከቤታችን ጎን በቆርቆሮ በከለላት ቦታ ነው። የሞቱ ባትሪዎችን ይፈታል፣ አሲዱን ይደፋል፣ ውስጡ ያለውን የእርሳስ ፕሌት በከሰል እያቀለጠ ይሸጣል። በሥራው ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ ቤታችንንም ያቆምነው በእሱ ላብ ነው።

የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችን። ከጥቂት ወራት ወዲህ አፈር ትበላለች። ብቆጣትም ብለምናትም አልተወችም። ምግብ እምቢ ትላለች፣ ሆዷን ትይዛለች፣ ሰገራ ይደርቅባታል። ጎረቤቴ «ወስፋት ነው» ትለኛለች፤ አማቴ «አፈር ሳይበላ ያደገ ልጅ የት አለ?» ይላሉ። ባለቤቴንም ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እሱ ግን ጨጓራ ነው ይላል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ነው የሚሠራው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛው የባትሪ እርሳስ ሆድ ከገባ ልጅ እንደሚያደነዝዝ ሲያወራ ሰማሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ምን ሆንኩ? ማታ ማታ ወተት እጠጣለሁ፣ ወተት ያጥበዋል» አለኝ። አማቴም ተልባ አንጀት ያጥባል ብለው ለሁላችንም ያዘጋጃሉ። እኔ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ደግሜ ብናገር «እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?» ይለኛል፤ ዝም ብል የልጄ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። እውነት ወተት ያጥበዋል? ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ልሂድ ወይስ ችዬ ልቀመጥ?

ጭንቀት የበዛባት እናት፣ ከገላን

መልስ፦ እህቴ፣ የፈራሽው በከንቱ አይደለም። ባትሪ በሚፈታበት ግቢ ውስጥ የምትኖር፣ አፈር የምትበላ፣ ምግብ እምቢ ያለችና ሰገራ የሚደርቅባት ሕፃን፣ የደም ምርመራ እስኪያስተባብለው ድረስ እርሳስ መርዟት ይሆናል ተብሎ መጠርጠር አለባት። ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም፤ ሲያድጉ የሚተዉት ነገር ነው እየተባለ የሚቆይ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ባለቤትሽም ክፉ አላሰበም። ቤተሰቡን የሚያኖርበት ሥራ ነው፣ አደጋውንም በቅጡ ያስረዳው ሰው ያለ አይመስልም።

ወተት ያጥበዋል ወይ ላልሽው፣ አያጥበውም። ወሬው ግን ከመሬት አልተነሣም። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ከእርሳስ ጋር ይሻማል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ ወደ ደም የሚያልፈው እርሳስ ይቀንሳል። ባለቤትሽ ግን ወተቱን የሚጠጣው ማታ ነው። ቀን ሲሠራ የዋጠው አቧራ በዚያ ሰዓት የአንጀቱን መግቢያ ካለፈ ቆይቷል። ሲያቀልጥ የሚወጣው ጭስ ደግሞ በሳንባ ነው የሚገባው፤ ወተት እዚያ ምን ይሠራል? ደቃቁ ጭስ ከሳንባ በቀጥታ ወደ ደም ያልፋል። ጠጠር ጠጠር ያለው አቧራ ደግሞ አየር ቧንቧው ላይ ካለው አክታ ጋር ወደ ጉሮሮ ይመለስና ሳይታወቀው ይዋጣል፤ ዞሮ ዞሮ ሆድ ይገባል።

ሆድ ከገባ በኋላ የሚሆነውን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ከዚህ በታች የምመክርሽ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ከአፈር ጋር የተዋጠ እርሳስ ጨጓራ ሲደርስ የጨጓራው አሲድ ከአፈሩ ያላቅቀዋል፤ የሟሟው ወደ ትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል፣ ሐኪሞች ዱዮዲነም ወደሚሉት ይወርዳል። ይህ ቦታ አይረን፣ ማለትም ለደማችን የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ ከምግብ የሚለቀምበት ዋናው ቦታ ነው። እዚያ ያሉት የአንጀት ሕዋሳት አይረንን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ዲኤምቲ 1 የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ ይህ ፕሮቲን አይረንን ከሌላው በደንብ አይለይም፤ እርሳስንም ካድሚየም የሚባለውን ሌላ መርዛማ ማዕድንም ይቀበላል። እንደ ታክሲ ረዳት ቁጠሪው። አይረን ያነሰው ሰውነት ረዳቶቹን ያበዛና «ጫኑ» ይላቸዋል፤ አይረን ግን መንገድ ላይ የለም፣ ቆሞ የሚጠብቀው እርሳስ ነው፤ እሱኑ ይጭኑታል። ደም ማነስ ያለበት ልጅ አጠገቡ ካለው ደህና ልጅ ጋር አንድ ዓይነት አፈር ቢበላ እንኳ የበለጠ እርሳስ የሚወስደው ለዚህ ነው። በካልሲየም መንገድም እንዲሁ ይሆናል፤ ካልሲየም ሲጎድል እርሳስ በእሱ ቦታ ያልፋል።

ዕድሜና የሆድ ባዶነትም ልዩነት ያመጣሉ። አዋቂ ሰው ከምግብ ጋር ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያልፈው ከመቶ 10 እጅ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። ምግቡ ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ፎስፌትና ፋይቴት (እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለ፣ ማዕድን የሚይዝ ንጥረ ነገር) እርሳሱን ይይዙትና ከሰገራ ጋር ይዘውት ይወጣሉ። ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ግን በፈቃደኛ አዋቂዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከመቶ 35፣ እስከ 60 እጅም ድረስ አልፏል። ስለ ባለቤትሽ ጾም ስትነግሪኝ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከዋጠችው እርሳስ ከ40 እስከ 50 እጁን ልትወስድ ትችላለች።

አሁን የልጅሽን ነገር በዚህ ዓይን እንየው። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ ከአይረን እጥረት ጋር አብሮ ይመጣል፤ ጠባይ መበላሸት አይደለም፣ በቁጣም አይቆምም። አይረን ያነሳት ልጅ አፈር ያሰኛታል፤ አፈሩ እርሳስ አለበት፤ አይረን ያጣው አንጀቷ እርሳሱን በብዛት ይቀበላል፤ እርሳሱ ደግሞ ራሱ ደም እንዳይሠራ ያውካል፣ ምግብም ያስጠላል። ጎረቤትሽም ላትሳሳት ትችላለች፤ አፈር የሚበላ ልጅ ወስፋት ሊኖርበት ይችላል፣ መንጠቆ ትል ካለ ደግሞ ደም ስለሚመጥ ደም ማነሱን ያባብሰዋል። ወስፋት መገኘቱ ግን እርሳስ የለም ማለት አይሆንም። ሁለቱም ይፈተሹ።

መጠኑንም አስቢው። ባትሪ በሚፈታበት ቦታ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ አንድ ግራም እርሳስ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ የበለጠም ይገኛል። እንዲህ ካለው አፈር አንዲት ቁንጥር፣ 1 ግራም ብንላት፣ 1,000 ማይክሮግራም እርሳስ ትይዛለች (ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕፃናት ከምግብ የሚያገኙትን እርሳስ ሲመዝን ማነጻጸሪያ ያደረገው በቀን 2.2 ማይክሮግራምን ነው። ከአፈሩ እርሳስ ጨጓራዋ ውስጥ የሚሟሟው ሲሶው ብቻ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ ይታይሻል።

የአማትሽ ተልባ ለደረቀ ሰገራ ደግ ነው፣ ይቀጥሉበት። እርሳስን ግን አያጥብም፤ ምክንያቱም እርሳሱ አንጀት ውስጥ ተጋግሮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ያላለፈው በራሱ ጊዜ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ያለፈው ደግሞ ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ከዚያ የሚበዛው አጥንት ውስጥ በካልሲየም ቦታ ይገባና እዚያ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ ለልጅቷ እንዳይሰጣት አደራ፤ ይህን እርሳስ አያገኘውም፣ እሷን ግን ያደክማታል። ባለቤትሽ «ምን ሆንኩ?» ማለቱም ከዚሁ የመጣ ነው። የአዋቂ አንጎል አድጎ ጨርሷል፣ ጉዳቱም በዝግታ ይመጣል፦ ሆድ መቁረጥ፣ ድርቀት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ሲከፋም የእጅ አንጓ መዛል። የልጅሽ አንጎል ግን ገና እየተሠራ ነው፤ እርሳስ ትኩረቷን፣ ንግግሯንና የመማር ችሎታዋን የሚነካው ምንም ሕመም ሳይታይባትም ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። «ሆዷን ያማታል» ብቻ ካልሽ የወስፋት መድኃኒት ተሰጥቷት ልትመለስ ትችላለች። እንዲህ በያቸው፦ «አባቷ ግቢያችን ውስጥ የባትሪ እርሳስ ያቀልጣል፣ እሷ አፈር ትበላለች፣ እርሳስ መርዟት እንዳይሆን እፈራለሁ።» ይህ አረፍተ ነገር ሐኪሙ የሚያስበውን ይለውጠዋል። የሰገራና የሄሞግሎቢን (የደም ማነስ) ምርመራ እዚያው ይሠራል። የደም እርሳስ ምርመራ ግን በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ስላልሆነ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉላት ጠይቂ። በቅርብ ቀናት ብዙ አፈር በልታ ከሆነም ንገሪያቸው፤ የሆድ ራጅ አንጀቷ ውስጥ ገና ያላለፈ እርሳስ ካለ ሊያሳይ ይችላል። ደሟ ከጣት ሳይሆን ከደም ሥር ቢወሰድ ይሻላል። ከጣት ከተወሰደ ቆዳዋ ላይ ያለው አቧራ ውጤቱን ሊያዛባው ስለሚችል ከደም ሥር መደገም አለበት።

ስለ ሄሞግሎቢን አንድ ነገር ልብ በይ። እናንተ ያላችሁበት ከፍታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል። በዕድሜዋ ላሉ ልጆች የተለመደው መነሻ በዴሲሊትር (በሊትር አንድ አሥረኛ) ደም 11 ግራም ነው፤ በእናንተ ዘንድ ግን 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ መጨመር ያስፈልገዋል። 11.2 ወጥቶላት «ደህና ናት» ብትባዪ «ለከፍታው ተስተካክሏል ወይ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ።

የእርሳሱ ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን ራስሽ ጽፈሽ ያዢው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መቆም አለበት። 45ና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ እርሳሱን አስሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ከ5 በታች ማለት ግን ምንም የለባትም ማለት አይደለም፤ ደህና ነው የሚባል መጠን አልተገኘም። መድኃኒቱ ቢታዘዝላት እንኳ ወደዚያው አፈር ከተመለሰች ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ደጋግማ ካስመለሰች፣ ከደነዘዘች ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ካንቀጠቀጣት፣ ሪፈርም ቀጠሮም ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሻት።

ምግቧን ከዛሬ ጀምሮ ማስተካከል ትችያለሽ። ሆዷ ለረጅም ሰዓት ባዶ አይሁን፤ ሦስት ጊዜ ምግብ፣ በመሐል ሁለት ጊዜ መክሰስ። ምስር፣ ሽሮ፣ የተከተፈ ጎመን፣ ሲገኝም ጥቂት ሥጋ በደንብ ተፈጭቶ። የጤፍ እንጀራ አይረን አለው፣ ግን ፋይቴቱ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ምግቡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም አጠገቡ ብርቱካን መስጠት አይረኑ በተሻለ እንዲያልፍ ይረዳል። ሻይ ደግሞ አይረኑን ያስረዋል፤ ለእሷ ባይሰጣት ጥሩ ነው፣ አንቺም ቡናውንም ሻዩንም ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው። ወተትና እርጎ ስጫት፣ ግን በቀን ከግማሽ ሊትር አይብለጥ፤ ሁለት ብርጭቆ ያህል ነው። ወተት የበዛለት ልጅ ሌላውን ምግብ ይተዋል፣ ካልሲየሙም አይረኑን ይሻማዋል፤ እርሳሱን ልንዘጋ ስንል ደም ማነሱን እናባብሳለን። አይረን ካስፈለጋት ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ያዝላታል። ከራስሽ የእርግዝና ክኒን ቆርሰሽ እንዳትሰጫት፣ ክኒኑንም እጇ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ጥቂት የአዋቂ አይረን ክኒኖች ትንሽ ልጅን ሊገድሉ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ግን የሚያግዝ እንጂ የሚያድን አይደለም። እርሳሱ ግቢው ውስጥ እየቀለጠ ምግብ ብቻ አያድናትም። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ይኖርብሻል፤ ከባዱም ይኸው ይመስለኛል።

እስኪ ልጠይቅሽ፦ ባለፈው ጊዜ ስትነግሪው በምን ሰዓት ነበር? ሥራ ላይ እያለ፣ ደንበኛ እየሰማ ይሆን? እናቱ ባሉበት ይሆን? «እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ያለ ሥራ የሚቀርበትን ነገ ነው። ከእሱ ሆድ ጀምሪ። «ሆድህን ሲቆርጥህ እየሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የልጃችንም ያው ነው፤ አንድ ላይ እንመርመር» ብትዪው ክስ አይሆንበትም። እሱም ደሙ ውስጥ ያለው እርሳስ ይለካለት። የራሱን ቁጥር በዓይኑ ሲያይ ከአንቺም ከእኔም ቃል ይልቅ ያ ያሳምነዋል። በዚህ ሥራ ልጅ የተጎዳበት የለም ካለሽ፣ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሠፈር የሆነውን ንገሪው። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ከባትሪ እርሳስ ጋር በተያያዘ መመረዝ ሞተዋል። እዚያም ሥራው የሚሠራው መኖሪያ ሠፈር ውስጥ ነበር። ንግግርሽን ግን በዚህ አትጀምሪ፤ አስፈራርቶ ከማሳመን አስቀይሞ ዝም ማሰኘት ይቀናል።

ከሥራው ሁሉ የከፋው ማቅለጡ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በወናፍ የተነፋ ከሰል ደግሞ ከዚያ እጅግ ያልፋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ እርሳሱ ጭስ ሆኖ ይነሣና ቀዝቅዞ ጣራው፣ ልብሱ፣ አፈሩ ላይ ይወርዳል። የጨርቅ ማስክ ይህን ጭስ አያቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ሥራህን ተው» አይሁን፤ «ማቅለጡን ከግቢያችን አውጣ» ይሁን። ያረጀውን ባትሪ ሳይፈታ እንዳለ ለሰብሳቢ ቢሸጠው የሚያገኘው ያንሳል፣ ይህን አልሸሽግሽም። ባትሪ መፈተሽ፣ ቻርጅ ማድረግ፣ ውኃ መሙላት፣ አዲስ መሸጥና መግጠም ግን በእጁ ይቀራል፤ ከእነዚህ የሚመጣው እርሳስ ከመፍታቱና ከማቅለጡ ጋር አይወዳደርም። ከማቅለጥ በወር ስንት እንደሚያገኝ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ምናልባት እንደፈራው ብዙ አይሆን ይሆናል። ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተደራጅቶ ከመኖሪያ የራቀ ሼድ ከወረዳው መጠየቅም አንድ መንገድ ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ልጅቷ እሱን መጠበቅ የለባትም።

ጾሙን ተው አትበዪው። ባዶ ሆድ ላይ እርሳስ እንደሚያይል ንገሪውና በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንጹሑን ሥራ ይሥራ፤ ባትሪ የመንካት ግዴታ ቢኖርበት እንኳ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት እጁን እስከ ክርኑ፣ ጥፍሩን በብሩሽ፣ ፊቱንና ጢሙን በሳሙና ይታጠብ፣ አፉንም ይጉመጥመጥ። ሥራ ላይ ቆሎ መቃም፣ ማጨስ፣ ጫትም ቢሆን፣ እርሳሱን ከጣት ወደ አፍ የሚያደርሱ ናቸው። ልጁን ሲያጎርሳትም እንዲሁ። ፍቅሩን የሚገልጽባት ጉርሻ ከታጠበ እጅ ብቻ ትሁን።

የሥራ ልብሱና ጫማው ቤት አይግባ። በር ላይ አውልቆ በተለየ ከረጢት ያኑረው፤ ልብሱን ራሱ ይጠበው፣ በልጅቷ ሳፋ አይሁን። ቤቱን በደረቁ አትጥረጊ፤ መጥረጊያው አቧራውን ያነሣና መልሶ ምግብና አልጋ ላይ ያወርደዋል። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ እሷ የምትነካውን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ በሳሙና ጥረጉ፣ እጣቢው ግቢ ውስጥ አይደፋ። ጽዳቱን አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ቢሠራው እመርጣለሁ። አሲድ መሬት ላይ መደፋቱ ይቁም፤ አሲዱ ራሱ እርሳስ ይዟል። የተበከለው አፈር ውሎ አድሮ መነሣት ቢኖርበትም፣ ለአሁኑ ልጅቷ የምትጫወትበትና ከግድግዳ ሥር የምትቆፍረው ቦታ ከሌላ ስፍራ በመጣ ጠጠር ወይም በሲሚንቶ ይሸፈን። የባትሪው የፕላስቲክ ቀፎ ውኃ መቅጃም አበባ መትከያም አይሁን። እርሳስ የቀለጠበት ድስት ወይም ጣሳ ከቶ ወደ ማድ ቤት አይመለስ። ግቢው ውስጥ ጎመን ካለ አትብሉት። ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በይ፦ በተበከለ አፈር ላይ የምትጭር ዶሮ እንቁላሏ ውስጥ እርሳስ ይገባል። ልጅሽ እንድትጠነክር ብለሽ የምትሰጫት እንቁላል ከዚያ ግቢ ከሆነ ለጊዜው ከሌላ ቦታ ግዢ።

አሁን ስለ ራስሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን ያነሣሽው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሰውነት ካልሲየም ፍለጋ አጥንትን ሲነካ ቀድሞ የተቀመጠው እርሳስም አብሮ ወደ ደም ይወጣል። የእርግዝና ክትትልሽን ጀምረሽ ይሆን? ካልጀመርሽ ከልጅሽ ጋር በዚያው ቀን ጀምሪና ስለ ባትሪው ንገሪያቸው፤ የአንቺም የደም እርሳስ ይለካ። የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒንሽን አታቋርጪ። የካልሲየም ክኒን ከታዘዘልሽ ከአይረኑ ጋር በአንድ ሰዓት አትውሰጂው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው። አንድ ጥያቄም ልጨምር፣ አትፈሪ፦ አንቺንስ አፈር አፈር ይልሻል? ብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይደርሳል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ካለ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ለአንቺም ለፅንሱም የሚረዳ ፍንጭ ነው።

ደብረ ብርሃን መሄዱን እደግፈዋለሁ፣ ኩርፊያ ግን አይሁን። ባለቤትሽን «ማቅለጡ እስኪወጣ፣ ቤቱ እስኪጸዳ፣ አፈሩ እስኪሸፈን እናቴ ጋ እንቆይ፤ አንተ ስትጨርስ መጥተህ ውሰደን» በዪው፤ እንዲህ ሲሆን መሄድሽ የሥራው አንድ ክፍል ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደማችሁ ይወሰድ። ከግቢው ከራቃችሁ በኋላ ከተመረመራችሁ ቁጥሩ በየሳምንቱ እየወረደ ስለሚሄድ እዚህ ምን ያህል እንደነበረ አይታወቅም፤ ለውጡንም የምታነጻጽሩበት ይጠፋል። የምትይዙት የአንቺም የእሷም ልብስ በደንብ የታጠበ ይሁን፤ ከሥራው ቦታ አጠገብ የነበሩ ምንጣፍና መጫወቻዎች አብረው እንዳይሄዱ። ሁለተኛውን ምርመራ ሐኪሙ በሚሰጥሽ ቀን አድርጉ፤ እንደ መጀመሪያው ቁጥር ከፍታ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። በዚያ ቁጥሩ ወርዶ ሳለ ገላን ስትመለሱ እንደገና ከወጣ፣ አቧራው ግቢው ውስጥ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ያኔ ቦታው በባለሙያ እስኪታይ ልጅቷን መልሰሽ አታስገቢያት።